የጦርነት ወሬ ሲበዛ ቤተሰብና ቅሬ ምን ቢዘጋጁ ይበጃል?

የጦሳ ግርጌ (ደሴ)፦

ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። ይህን ውይይት የምከፍተው ማንንም ለማስደንገጥ እንዳልሆነ አስቀድሜ እናገራለሁ። ባለፉት ሳምንታት በሰፈራችን ሁለት ነገሮች ጎን ለጎን ሲሄዱ አያለሁ። ቀን ቡና ላይ ተቀምጠን ስለ ሰሜኑ ሲነሳ “ወሬ ነው፤ ምንም አይመጣም” እንባባላለን። ማታ ግን ያው “ወሬ ነው” ያለው ጎረቤቴ በባጃጅ ዱቄት አስጭኖ በጓሮ በር ያስገባል። አልወቅሰውም። እኔም ባለፈው ሰኞ ሁለት ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ገዝቼ ስገባ ባለቤቴ “ለምንድን ነው?” ብትለኝ “ውሃ ስለሚጠፋ ነው” ብዬ አለፍኩ። ሐሰት አልተናገርኩም፤ ያሰብኩትን ግን አልነገርኳትም።

እንዲህ እያንዳንዳችን ፍርሃታችንን ደብቀን መያዛችን በጣም ያሳስበኛል፤ ምክንያቱም በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ የጎዳን ይኸው ነው። ተኩሱ በቦሩ ሜዳ በኩል እየቀረበ ሲመጣ እናቴ ግቢው ውስጥ ሰሌን ላይ በርበሬ አስጥታ ነበር። ቀድሞ የተመካከርንበት ነገር ስላልነበረ የሁላችንም እጅ የሄደው ዓይናችን ፊት ወደነበረው ነገር ነው። እናቴ በርበሬውን በማዳበሪያ ሰበሰበች፤ ወንድሜ ቴሌቪዥኑን ነቅሎ በብርድ ልብስ ጠቀለለ፤ እኔ በሮቹን አንድ በአንድ ስቆልፍ ቆየሁ። ኮምቦልቻ ደርሰን ስንቀመጥ የእናቴ የደም ግፊት መድኃኒት ኮመዲኖው ላይ፣ የቤታችን ካርታና የእህቴ የ12ኛ ክፍል ሰርተፍኬት ደግሞ ቁም ሳጥኑ ውስጥ እንደቀሩ አወቅን። እናቴ መድኃኒቷን ሳትወስድ 9 ቀን ቆየች። የእህቴን ማስረጃ እንደገና ለማውጣት ከአንድ ዓመት በላይ ተመላለስን።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። የመጀመሪያው፣ ወሬንና እውነተኛ ስጋትን እንዴት ትለያላችሁ? ሁለተኛው ደግሞ ቅሬዎቻችንን፣ ማለትም ዕድሮቻችንን፣ ይመለከታል። አንድ ሰው ሲሞት ቅሬያችን በግማሽ ቀን ውስጥ ድንኳን ይተክላል፣ መቃብር ያስቆፍራል፣ እስላሙንም ክርስቲያኑንም ለቀስተኛ አብልቶ ይሸኛል። ይህን የሚችል ማኅበር ከተማው በጥቅምት ሲለቅ የትኛው አባል አልጋ ላይ እንደቀረ እንኳ አላወቀም ነበር። በየሰፈራችሁ የተጀመረ ነገር ካለ ንገሩኝ።

ሽማግሌው (ኮምቦልቻ)፦

ልጄ፣ ጥያቄህ የቆየ ጥያቄ ነው። ዕድሜዬ ሰባን አልፏል። እስካሁን ሕዝብ ስጋትን ከመግለጫ ሲለካ አላየሁም። የሚለካው ከመንገድ ነው። ወደ ሰሜን ጭኖ የሄደ መኪና ሳያራግፍ ሲመለስ፣ ሹሙ በመድረክ “ተረጋጉ” እያለ ቤተሰቡን ወደ አዲስ አበባ ሲሸኝ፣ ባንክ “ዛሬ ከዚህ በላይ አንከፍልም” ሲል፣ ነዳጅ ማደያው ጋ ያለው ሰልፍ ከታክሲ ወደ ቤት መኪና ሲዞር ሰው ልቡ ይነግረዋል። እነዚህ ምልክቶች ሁልጊዜ ጦርነትን አያመለክቱም፤ ነዳጅ በሌላ ምክንያትም ይጠፋል። ሦስት አራቱ በአንድ ሳምንት ከተገጣጠሙ ግን ችላ ማለት አይገባም።

በ2013 ክረምት ምልክቱ እግር አውጥቶ ወደ ቤታችን መጥቶ ነበር። ወልድያ በነሐሴ ከተያዘች በኋላ የደሴና የኮምቦልቻ ትምህርት ቤቶች ከራያ፣ ከመርሳ፣ ከውርጌሳ በመጣ ወገን ሞሉ። ጦርነቱ እኛ ዘንድ የደረሰው በጥቅምት መጨረሻ ስለሆነ ከሁለት ወር በላይ ጊዜ ነበረን ማለት ነው። በዚያ ጊዜ የወሎ ሰው የሚችለውን አድርጓል፤ እንጀራ ጋግሮ ወስዷል፣ ብርድ ልብስ አካፍሏል። ነገር ግን ከእነዚያ ወገኖች አጠገብ ተቀምጠን “ስትወጡ ምን ጎደላችሁ? ምን ይዛችሁ ቢሆን ኖሮ ይሻል ነበር?” ብለን የጠየቅን ስንት ነን? እኔ አልጠየቅሁም። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ እሱ ነው።

ደግሞም አስቀድሞ መዘጋጀት ጦርነትን ይጠራል ለሚሉ አንድ ነገር ላስታውስ። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የተቋቋመው በሐምሌ 1927 ነው። የጣልያን ወረራ የጀመረው በመስከረም 1928 ነው። ኅዳር 26 ቀን 1928 አውሮፕላኖቹ ንጉሠ ነገሥቱ ባሉበት ደሴን በቦምብ ሲደበድቡ የቀይ መስቀል ምልክት የተሰቀለበት ሆስፒታል እንኳ አልተረፈም፤ ቢሆንም ቁስለኛውን የሚያነሳና የሚያክም ሰው በቦታው ነበር። ማኅበሩን ያቋቋሙት ሰዎች ጦርነቱን አላመጡትም።

ከሸዋ በር (ደሴ)፦

በአክብሮት እቃወማለሁ። የዚህ ዓይነት ውይይት ሰውን ያሸብራል። እናቴ እስከ ዛሬ የመኪና ጎማ ሲፈነዳ ሰውነቷ ይንቀጠቀጣል፤ በር ላይ የተዘጋጀ ሻንጣ ብታይ ያን ሌሊት አትተኛም። “ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች” ይባላል። አንዱ ዱቄት ሲያስገባ ሌላው ያያል፤ በሦስተኛው ቀን የዱቄት ዋጋ ይንራል፤ በሳምንቱ አከራይ ሱቁን ዘግቶ ይሄዳል፤ ጦርነት ሳይመጣ ከተማው በወሬ ብቻ ይፈታል። ዳግም ሀብት ለማፍራት ደፍረን ከባዶ በጀመርንበት በዚህ ጊዜ ወጣቱ “ለምን እሠራለሁ? ነገ ለሚዘረፍ?” እያለ ነው። ያንን ስሜት አናባብሰው። ለእኔ ዝግጅት ማለት ዱአ፣ ጸሎትና ሥራ ነው። አገር ሰላም እንዲሆን ሽማግሌ መላክ፣ አስታራቂ ሽማግሌዎቻችን አበጋሮቹ እንደ ጥንቱ በመካከል እንዲገቡ መጠየቅ ከጄሪካን ይቀድማል።

የጦሳ ግርጌ (ደሴ)፦

ስለ እናትዎ ያሉት ልቤን ነክቶታል፤ ሻንጣው በር ላይ ይቀመጥ የሚል ሐሳብ የለኝም። ስለ ሽማግሌና ስለ አበጋር ያነሱትንም ከልብ እቀበላለሁ፤ ሰላም ከመጣ ሁላችንም የምንተኛው ያኔ ነው። ነገር ግን ከሐምሌ በፊት ማገዶ እናስገባለን፤ ጣራ እንጠግናለን፤ “ዝናቡን ጠራችሁት” የሚለን የለም። በድብቅ የሚከማች ዱቄት ነው ዋጋ የሚያንረው። በግልጽ ተመካክረን፣ ጥቂት በጥቂት፣ እህል በሚረክስበት ወር ብናደርገው ግን የሚደነግጥ ገበያ አይኖርም።

ነርስ ነኝ (ደቡብ ወሎ)፦

በኅዳር 2014 ከተማ ውስጥ ከቀሩት አንዷ ነኝ፤ ስለዚህ የምጽፈው ያየሁትን ነው። ከጥይት የተረፈ ሰው በመድኃኒት መቋረጥ ሲሞት አይቻለሁ። የስኳር፣ የደም ግፊት፣ የሚጥል በሽታ፣ የአስም፣ የኤችአይቪና የቲቢ ታካሚዎች መድኃኒታቸው ሲቋረጥ የሚደርስባቸው ጉዳት ድምፅ የለውም፤ በየቤቱ ነው የሚያልቀው። የጤና ተቋማት በተዘረፉበት ጊዜ የት እንሂድ ብለው ለሚጠይቁኝ መልስ አልነበረኝም።

አንዲት እናት አስተማረችኝ። ልጇ 16 ዓመቱ ሲሆን በየቀኑ ኢንሱሊን ይወጋል። መብራት ከጠፋ በኋላ ማቀዝቀዣው ቁም ሳጥን ሆነ። እርሷ አንድ ትልቅ ማሰሮ አምጥታ አሸዋ ሞላችበት፤ በመካከሉ ትንሽ የሸክላ ድስት ቀበረች፤ ሁለቱን ብልቃጦች በላስቲክ ጠቅልላ ድስቱ ውስጥ አስቀመጠችና በእርጥብ ጨርቅ ከደነችው። ጠዋትና ማታ አሸዋውን ውሃ ታጠጣዋለች። ጥላ ሥር፣ ነፋስ በሚነካው ቦታ። የደሴ ብርድም አግዟት ልጁ ያንን ጊዜ አለፈ። የተከፈተ ብልቃጥ ከኃይለኛ ሙቀት ከተጠበቀ አራት ሳምንት ገደማ ያገለግላል። በረዶ የሠራ ኢንሱሊን ግን ቢቀልጥም አይወጋም።

ስለዚህ እለምናችኋለሁ፤ ሐኪማችሁን አነጋግሩና ከተቻለ የአንድ ወር መጠባበቂያ ይኑራችሁ፤ ከአዲሱ በፊት አሮጌውን ተጠቀሙ። የመድኃኒቱን ስም፣ መጠኑንና በቀን ስንት ጊዜ እንደሚወሰድ በወረቀት ጽፋችሁ አንዱን ከመታወቂያችሁ ጋር፣ ሌላውን ዘመድ ዘንድ አስቀምጡ። ማሸጊያው ቢጠፋ “ነጭ ክኒን ነው” ከማለት ያድናል። ነፍሰ ጡር ያለችበት ቤት አዲስ ምላጭ፣ የተቀቀለ ክርና ንጹሕ ጨርቅ አንድ ላይ ቋጥሮ ያስቀምጥ፤ በሰፈሩ ጡረታ የወጣች አዋላጅ ካለችም ቤቷ ከአሁኑ ይታወቅ።

ውሃን በተመለከተ፣ የቧንቧው ሲቋረጥ ሰው ወደ ምንጭና ወደ ወንዝ መውረዱ አይቀርም። ማፍላት ከተቻለ ይፈላ፤ ማገዶ ካነሰ ውሃ አጋር የሚባለው የውሃ ማከሚያ ጠብታ ዋጋው ትንሽ ነው፤ መጠኑ ማሸጊያው ላይ ተጽፏል። ልጅ ተቅማጥ ከያዘውና ኦአርኤስ ከሌለ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጣችሁ ደጋግማችሁ አጠጡት። ጨው አታብዙ፤ ይጎዳል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል፤ ይህ ግን ስልክ ሲሠራ ነው፤ በዚያ ኅዳር ስልክ አልነበረም።

የሦስት ልጆች እናት (ከቆቦ አካባቢ፣ አሁን ሀይቅ)፦

ሽማግሌው አባታችን “አልጠየቅናቸውም” ስላሉ ሳልጠየቅ ልመልስ፤ አላህ ዕድሜ ይስጥዎ። እኔ ሁለት ጊዜ ከቤቴ ወጥቻለሁ፤ አንዴ በ2013 ክረምት፣ ሁለተኛ ጦርነቱ በነሐሴ 2014 በእኛ በኩል እንደገና ሲጀመር።

በመጀመሪያው ግማሽ ኩንታል የጤፍ ዱቄት በአህያ ጭኜ ወጣሁ። ዱቄት ግን ምጣድ ይፈልጋል፣ እርሾ ይፈልጋል፣ ማገዶና ብዙ ውሃ ይፈልጋል። ሜዳ ላይ ከልጆች ጋር ሁለት ሌሊት ሳድር ዱቄቱ አጠገቤ ተቀምጦ ልጆቼ ተራቡ። በሁለተኛው ጊዜ የያዝኩት በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ጨውና ስኳር ነበር። በሶ በቀዝቃዛ ውሃ ይበጠበጣል፤ በጣት ተጨብጦ ይበላል፤ እሳት ስለማይፈልግ በሌሊት ጭስም ብርሃንም የለውም። ሽማግሌዎቻችን ለመንገድ በሶ ይዘው የሄዱት በከንቱ አልነበረም።

በመጀመሪያው መንገድ መካከለኛው ልጄ ከእኔ ተለየ። ከቆቦ ወልድያ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መንገዱ በሰው፣ በከብትና በጋሪ ተሞልቷል። አምስት ዓመቱ ነበር። ስሙን ሲጠይቁት ተናግሯል፤ የአባቱን ስም ሲጠይቁት “አባዬ” ብሏል። ሁለት ቀን ሙሉ አንዲት የመርሳ ሴት ይዛው በየመስጊዱና በየቤተ ክርስቲያኑ በር ስትዞር ከርማ እግዜር አገናኘን። ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ልጅ በቆዳ እንደ ክታብ የተሰፋ ትንሽ ከረጢት አሠራሁ። ውስጡ በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አለ፤ ስሙ እስከ አያት፣ ቀበሌው፣ የእኔ ስልክና በሩቅ አገር ያለች የእህቴ ስልክ ተጽፎበታል። አንገታቸው ላይ ክታብ መስሎ ስለሚታይ ልጆቹም አይፈሩትም፣ ሰውም አይጠይቅም። ለትልቋ ደግሞ የእህቴን ስልክ ቁጥር እንደ መዝሙር እያዜመች በቃሏ እንድትይዝ አደረግሁ።

የምንገናኝበትንም ቦታ ተነጋግረናል፤ አንዱ ቅርብ፣ አንዱ ሩቅ። “ከተለያየን እዚህ፤ እዚህ ካልተቻለ እዚያ” ብቻ ነው። በሁለተኛው ጊዜ ባለቤቴ አራት ቀን ዘግይቶ በተባባልንበት ቦታ አገኘን። ስልክ አልነበረም፤ ቃላችን ብቻ ነበር።

ስለ እግርም ላንሳ። ባለ ሶል ጫማ ወይም ደህና ኮንጎ ለእያንዳንዱ ልጅ፣ አንድ ቁጥር ከፍ ያለ። ልጅ ያድጋል፤ የተቀመጠ ጫማ ይጠብባል።

አማቴ አልወጣም ብለው ቀሩ። “ከቀዬዬ የሚያወጣኝ ሞት ነው” አሉ። የለመንኳቸው ያን ቀን ብቻ ስለነበር ተጨቃጭቀን ተለያየን። በሁለተኛው ጊዜ ግን ቀደም ብለን ተነጋገርን፤ መቅረታቸው ካልቀረ ብዬ ውሃ በሁለት ጄሪካን ሞላሁ፤ በሶውን አካፈልኳቸው፤ አብረዋቸው የቀሩትን ጎረቤት አደራ አልኩ። ተመርቄ ወጣሁ።

የሰኞ ገበያ ነጋዴ (ደሴ)፦

እህቴ፣ አብሽሪ። የልጆቹን ክታብ ዛሬውኑ ለእኔም ልጆች አሠራለሁ።

ስለ ገበያ ከውስጥ ሆኜ ልናገር። ነጋዴ ዋጋ የሚጨምረው ክፉ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ነገ የሚተካበትን ዋጋ ስለማያውቅ ነው። ቤተሰብ በሳምንት አንድ ኪሎ ጨምሮ ቢገዛ መደብሩ አይናወጥም። ሁሉም በአንድ ቅዳሜ ኩንታል ሲጠይቅ ግን እኔም እደነግጣለሁ፤ አንዳንዱ ነጋዴ ደግሞ መጋዘን ይዘጋል፤ ያንን ኃጢአት ልከላከልለት አልችልም።

ሁሉም የሚረሳው ገንዘብ ነው። አሁን ሰዉ ሁሉ በቴሌብርና በባንክ መተግበሪያ ነው የሚገበያየው። ኔትወርክ ሲቋረጥ ያ ሁሉ ገንዘብ አይታይም፣ አይነካም። በዚያን ጊዜ ሚሊዮን ብር በደብተራቸው ያለ ሰዎች ከእኔ ሱቅ ጨው በዱቤ ወስደዋል። በእጅ ትንሽ ብር ይኑር፤ እሱም ዝርዝር ይሁን። 200 ብር ይዞ የመጣ ሰው መልስ ስለሌለኝ ወይ ሳይፈልግ የ200 ብር ዕቃ ይገዛል፣ ወይ ባዶ እጁን ይመለሳል። ባለ 10 እና ባለ 50 ይሻላል፤ አንድ ቦታ ሳይሆን በሁለትና በሦስት ሰው ላይ ተከፋፍሎ ይያዝ።

የቀን ሠራተኛ (ደሴ)፦

ሁላችሁም የጻፋችሁት ጥሩ ነው። ግን እኔ ዛሬ ተሸክሜ ያገኘሁትን ዛሬ ማታ እንበላዋለን። የተከራየሁት ቤት አንድ ክፍል ነው፤ ጄሪካን ሁለት ካስገባሁ የምንተኛበት የለም። የአንድ ወር መድኃኒት፣ ስንቅ፣ ዝርዝር ብር ስትሉ እኔ የሌለሁበትን ከተማ የምትገልጹ ይመስለኛል። ደግሞ በጥቅምት 2014 መኪና ተከራይቶ የወጣው ማን ነበር? የመኪናው ዋጋ በሰዓት ውስጥ ስንት እጥፍ እንደሆነ ታውቃላችሁ። እኛ በእግራችን በገራዶ በኩል ወጣን፤ ታሞ የተኛውን አባቴን በየተራ በቃሬዛ ተሸክመን። ቅሬያችን ድንኳን የሚተክልበት ስምንት የብረት ቋሚ ነበረው፤ ከመካከላቸው ሁለቱን ወስደን ነው ቃሬዛ የሠራነው። ይህን የነገርኳችሁ ቅሬው ካሰበበት ለደሀው የሚሆን ነገር እንዳለው ለማሳየት ነው።

ሽማግሌው (ኮምቦልቻ)፦

ይህ ልጅ የተናገረውን ሁላችሁም ደግማችሁ አንብቡት። እኔ ሌላ የምጨምረው የለኝም።

የወሎ ልጅ (ስዊድን)፦

ከሩቅ ስለምጽፍ ይቅርታ አድርጉልኝ። እዚህ አገር በ2018 እና እንደገና በ2024 በፈረንጆቹ አቆጣጠር መንግሥት “ቀውስ ወይም ጦርነት ቢመጣ” የሚል መጽሔት ለየቤቱ ልኳል፤ ሁለተኛው ከአምስት ሚሊዮን በላይ ለሚሆኑ ቤተሰቦች ነው የተላከው። ለአንድ ሳምንት ያህል ራስን ችሎ ለመቆየት ውሃ፣ ምግብ፣ ሙቀትና ሬዲዮ ማዘጋጀትን ይመክራል። በየሦስት ወሩ የመጀመሪያው ሰኞ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ የማስጠንቀቂያ ጡሩምባ ለሙከራ ይነፋል። መጀመሪያ የሰማሁት ቀን ደሴ ትዝ ብላኝ ልቤ ሊወጣ ደረሰ፤ በአጠገቤ የነበሩት ሰዎች ግን ቡናቸውን ይጠጡ ነበር። አገሩ ከ200 ዓመት በላይ ጦርነት አላየም። ቢሆንም ስለ ዝግጅት ሲናገሩ ድምፃቸውን አይቀንሱም፤ መጽሔቱ ፍሪጅ ላይ ተለጥፎ አይቻለሁ። እኛ ግን በአንድ ትውልድ ስንት ጊዜ አይተን አሁንም በሹክሹክታ ነን።

መምህሩ (ውጫሌ)፦

ወንድማችን ያመጣው ምሳሌ ይጠቅማል፤ ልዩነቱ ግን ይታየን። እዚያ የሚያስጠነቅቀው መንግሥት ነው፤ ሕዝቡም ያምነዋል። እኛ ዘንድ በነበረው ሁኔታ “ከተማው አስተማማኝ ሰላም ላይ ነው” የሚል ማስታወቂያ በሰማንበት ሳምንት ነው የወጣነው። አመኔታ አንዴ ከተሰበረ በመጽሔት አይጠገንም፤ ስለዚህ ቢያንስ በሰፈር ደረጃ እርስ በርሳችን የምንታመን መሆን አለብን።

ተማሪዎቼን የማስተምራቸው ቀላል ነገር አለ። ወሬ ይዞ የመጣን ሰው “አንተ አየኸው ወይስ ሰማኸው? የት? መቼ?” ብላችሁ ጠይቁት እላቸዋለሁ። ስልክ ላይ የሚዞረው ፎቶ ብዙ ጊዜ ያለፈው ዓመት ወይም የሌላ አገር ነው። ከሰሜን በኩል ዛሬ ጠዋት የመጣ ሹፌር ግን የት ምን እንዳየ ይናገራል። በባትሪ የሚሠራ ሬዲዮም በአንድ ሰፈር ቢያንስ አንድ ይኑር።

ጡሩምባን በተመለከተ ደግሞ እኛም አለን። የቅሬ ጡሩምባ ነፊ መብራትም ኔትወርክም አይፈልግም። ለለቅሶ የሚነፋው አነፋፍ ይታወቃል፤ ለስብሰባ ሌላ አነፋፍ ቢወሰን በአንድ ሰዓት ውስጥ ሰፈሩ ይሰበሰባል። ይህ ከተወሰነ ግን በሰላሙ ቀን ደጋግሞ መሞከር አለበት፤ አለዚያ ሰው ለቀብር የተጠራ መስሎት ነጠላውን አዘቅዝቆ ይመጣል።

አንድ ሌላ ጉዳይ አለ፤ ጦርነት ካለፈም በኋላ አያልቅም። በእኛ አካባቢ ልጆች ከብት ሲጠብቁ ያገኙትን ብረት ሲቀጠቅጡ እጃቸውንና ዓይናቸውን አጥተዋል። ያልፈነዳ ተተኳሽ ያየ ሰው አይንካው፤ በመጣበት ዱካ ይመለስ፤ ራቅ ብሎ ድንጋይ ከምሮ ምልክት ያድርግና ለሚመለከተው ይናገር። ለቁራሌው መሸጥ ይቅር።

የጦሳ ግርጌ (ደሴ)፦

ውይይቱን ከከፈትኩ ሁለት እሁድ አልፏል። የሆነውን ላሳውቃችሁ። የጻፋችሁትን አትሜ ለቅሬያችን ሰብሳቢ ሰጠሁ፤ ባለፈው እሁድ ወርሃዊ መዋጮ ከተሰበሰበ በኋላ ጉዳዩ ተነሳ። እንደፈራሁት መጀመሪያ ዝምታ ሆነ። ከዚያ አንዲት አሮጊት እናት ተነሥተው “በ77 ልጅ የቀበርኩት እህል ጠፍቶ ብቻ አይደለም፤ እህሉ ያለበት ለመድረስ ስንነሳ ጉልበታችን አልቆ ነበር” አሉ። ከዚያ በኋላ “ሟርት ነው” ያለ አልነበረም።

የተወሰነው ጥቂት ነው። ከመዋጮው ላይ በጥር ገብስ ረከስ ሲል ተገዝቶ በሶ ይዘጋጃል፤ በቅሬው ዕቃ ቤት በድብኝት (በጭቃ በተሠራ የእህል ማስቀመጫ) ይቀመጣል፤ እንዳይነቅዝ ደግሞ በየዓመቱ ለረመዳንና ለዐቢይ ጾም ለአቅመ ደካማ አባላት እየተከፋፈለ በአዲስ ይተካል። የቀን ሠራተኛው ወንድማችን ያነሳው ቃሬዛ ሁለት ይሠራል፤ ቋሚዎቹ ከድንኳኑ ተለይተው ይቀመጣሉ። ወጣቶቹ የሰነድ ፎቶ ማንሳት ለማይችሉ አባላት በየቤቱ እየዞሩ ካርታቸውን፣ የመሬት ደብተራቸውንና ማስረጃቸውን በስልክ አንስተው ለባለቤቱ ብቻ፣ እርሱ ለሚመርጠውም አንድ ሩቅ ዘመድ ይልካሉ። ወረቀቱ ራሱ በወፍራም ላስቲክ ይታሸግና አንድ ቦታ ይሆናል። ባለቤቴም ስለ ጄሪካኖቹ አሁን ታውቃለች፤ አንዱን እርሷ ናት የሞላችው።

ያልተስማማንበት አንድ ነገር አለ። አልጋ የያዘ፣ ዓይነ ስውር፣ ነፍሰ ጡር፣ መድኃኒት የሚወስድ አባል በየትኛው ቤት እንዳለ የሚያሳይ መዝገብ ያስፈልጋል ብዬ ሐሳብ አቅርቤ ነበር። ሰብሳቢው ተቃወሙ። “የሰው ስም በወረቀት ከሰፈረ መሣሪያ የያዘ ሰው እጅ ሲገባ ለሌላ ይውላል፤ አይተነዋል” አሉ። ትክክል ናቸው። መዝገብ ከሌለ ግን ማን ያስታውሳል?

ነርስ ነኝ (ደቡብ ወሎ)፦

ሰብሳቢው ልክ ናቸው። የበሽታ ስም ያለበት ወረቀት በሰላሙም ጊዜ ቢሆን ከባለቤቱ ፈቃድ ውጭ መዞር የለበትም።

የሦስት ልጆች እናት (ከቆቦ አካባቢ፣ አሁን ሀይቅ)፦

ወንድሜ፣ ይህን መዝገብ ወንዶች ለምን በወረቀት እንደምትፈልጉት አላውቅም፤ በየቤቱ ስንት ሰው እንዳለና ማን እንዳመመው ቡና የሚጠራሩ ሴቶች ያውቁታል። በመጠለያው ሳለን በየድንኳኑ ረድፍ ሦስት ሦስት ሴቶች ተመርጠን ነበር። እያንዳንዷ አሥር ቤት ትይዛለች፤ በቃሏ። ከሦስቱ አንዷ ብትታጣ ሁለቱ ያውቃሉ። ማታ ስንገናኝ አንዷ ትቆጥራለች፣ ሁለቱ ያርማሉ። የተጻፈ ነገር ስለሌለ የሚወሰድ ነገር አልነበረም።

የጦሳ ግርጌ (ደሴ)፦

እግዜር ይስጥልኝ እህቴ። ዛሬ ማታ ይህንኑ ለባለቤቴና ለሁለት ጎረቤቶቻችን አነበብኩላቸው። ሦስቱም ቡናው እስኪፈላ አሥሩን ቤት ቆጠሩ። ሰባተኛው ቤት ላይ ሦስቱም ቆሙ፤ ከኋላ ክፍሉን የተከራዩት አዛውንት ስማቸው ማን እንደሆነ አንዳቸውም አላወቁም። ባለቤቴ ነገ ጠዋት ቡና ልትጠራቸው ነው።